የቢቸናው «አቶ የለም»

የጋሽ ምናሉን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው። ሞጣ፣ ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ የሽወርቅን አስፋልቱ ዳር አገኘኋት። ቢቸና ሆስፒታል በነርስነት ስሠራ የሽወርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበረች። ለእህቷ ልጅ ሠርግ መጥታ ነው። ተቃቅፈን፣ ስለ ልጆች ተጠያይቀን፣ ኑሮውን አማርረን ስናበቃ ፊቷ ልውጥ አለ።

«ጋሽ ምናሉን ሰምተሻል አይደል?»

«ምን ሆኑ?»

«ውይ እኔን! አልሰማሽም ለካ። አረፉ እኮ። ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ አልተኙም። ልደውልልሽ ብዬ ኔትወርኩ እንደምታውቂው ነው፤ መንገዱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት...»

እሷ ስለ ሕመማቸው ትነግረኛለች፤ እኔ የምሰማው ሌላ ድምፅ ነው። ከአጭሯ የመድኃኒት ማደያ መስኮት ጀርባ የሚወጣ፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ፦ «የለም።»

ቢቸና ውስጥ «አቶ የለም» ነበር የሚሏቸው። ፊት ለፊት ሳይሆን ከጀርባ። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር።

ቢቸና የተመደብኩ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት አገጫቸውን ነው። ቁመታቸው በጣም ረጅም፣ መስኮቷ ደግሞ በጣም ዝቅ ያለች ስለነበረች ታካሚው የሚያየው አንድ አገጭና ሁለት እጅ ብቻ ነበር። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጽፉት ፊደል እንደ ብራና ጸሐፊ ቁም ጽሕፈት ነው። ጽፈው ግን አያሰናብቱም። «በል ድገምልኝ» ይላሉ። ገበሬው «ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ምግብ በልቼ» ሲል፣ «አሁንም» ይሉታል። ሦስቴ ሳያስደግሙ አይለቁም። ወረፋው እስከ ግቢው በር ቢደርስ ደንታቸው አልነበረም።

ይህ ከቅኔ ቤት የቀረ ልማዳቸው ነበር። የመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ሊማሩ ዲማ ወርደው ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ከዚያ ግርሻ ገባ፤ ያ በቅማል የሚተላለፈው፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚጥለው ትኩሳት። አንድ ጎጆ ውስጥ ከሚያድሩት አራት ተማሪዎች ሦስቱ ሞቱ። አራተኛውን አንድ ጤና ረዳት ጥቂት ፍሬ መድኃኒት አስውጦ አዳነው። ጋሽ ምናሉ ያን ፍሬ ከዋጡ በኋላ ወደ ቅኔው አልተመለሱም። አግብተው ነበር ይባላል፤ ልጅ ሳይወለድ ተለያይተዋል። ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ጓንት ላወጣ መድኃኒት ክፍሉ ገብቼ፣ ለራስ ምታት የተሠራው አስፕሪን ለልብ ሕሙማን እንዴት እንደሚሰጥ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ደስ አላቸው መሰለኝ ወንበር ሳቡልኝ።

«መድኃኒትም እንደ ቅኔ ነው» አሉኝ። «ካርቶኑ ላይ የምታነቢው ሰሙን ነው። አንዳንዱ ግን ሌላ ወርቅ ደብቆ ይኖራል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራው ለዚያ ሲፈውስ ይገኛል። ወርቁን ለማግኘት ግን ብዙ መልፋት፣ ብዙ መፈተን አለ። ችግሩ፣ ጀማሪ ተማሪ ሁሉ ያገኘው ይመስለዋል።»

ኮሮና የመጣ ጊዜ ጀማሪ ተማሪው በዛ። አሮጌው የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኪን፣ ያድናል የሚል ወሬ በስልኩም በቴሌቪዥኑም ተናኘ። በማግስቱ የጋሽ ምናሉ መስኮት ፊት የቆመው ሰው የታመመ አልነበረም፤ ቤቱ ሊያስቀምጥ የፈለገ ነው። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ካህኑ፣ የቢሮ ሰው፣ ሁሉም ተሰለፈ። እሳቸው ውሸት ስለማይወዱ «ለኮሮና የሚሆን የለም» ይሉ ነበር። ሰዉ የሚሰማው ግን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

አንድ ባለ ሀብት መኪናውን ግቢ ድረስ ነድቶ መጣ። «መደርደሪያው ላይ አየዋለሁ እኮ!» አላቸው በጣቱ እየጠቆመ።

«ያየኸው እውነት ነው» አሉት። «እሱ ወባ ይዞት ከዓባይ በረሃ ለሚመጣ ሰው ነው።»

«ያ ሰው የታለ?»

«እየመጣ ነው።»

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ቀልዱ ከተማውን ሲዞር ሳምንት አልፈጀበትም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቆላ ወርደው የእርሻ መሬት ሲመነጥሩ የከረሙ ሁለት ወንድማማቾች ወባ እያንቀጠቀጣቸው መጡ። በየግል መድኃኒት ቤቱ ክሎሮኪን ተሸጦ አልቆ ነበር፤ ከእሳቸው መደርደሪያ ላይ ግን ተገኘ። ይህንን ያወራ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ምናሉ አንድ ወዳጅ ብቻ ነበራቸው። መምህር ደረሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የጎረቤት ጎረቤት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ማታ የመምህር ደረሰ በረንዳ ላይ ገበጣ ይጫወታሉ፤ ይሰዳደባሉ፤ ይኳረፋሉ፤ የመምህር ደረሰ ሚስት እትዬ ጥሩወርቅ ምሳ አቅርበው ያስታርቋቸዋል። ሁለቱ ባልና ሚስት ልጆቻቸው ሩቅ ስለነበሩ፣ ጋሽ ምናሉም ማንም ስላልነበራቸው፣ ሦስቱ እንደ አንድ ቤተሰብ ሆነው ነበር።

መምህር ደረሰ ወደዚያች መስኮት የመጡ ቀን እኔ ውስጥ ነበርኩ።

«ምናሉ፣ ለኔና ለጥሩወርቅ የምትሆን ጥቂት ፍሬ ስጠኝ።»

«የምን ፍሬ?»

«ታውቀዋለህ። አገሩ ሁሉ የሚያወራለትን።»

«ደረሰ፣ የልብህን መድኃኒት በየወሩ የሚሰጥህ ማን ነው?»

«አንተ።»

«ታዲያ ልብህን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ይሄ የልብ ምት ያዛባል። ለዚህ በሽታ መሥራቱን ደግሞ ያረጋገጠ የለም።»

«ሰው ሁሉ እየወሰደ አይደል እንዴ?»

«ሰው ሁሉ ያንተ ልብ የለውም።»

«እሺ፣ ለጥሩወርቅ ስጣት።»

«ለሷም የለም።»

መምህር ደረሰ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለኔ ነው የምትለው? ለኔ ለወንድምህ?»

«መድኃኒት ዘመድ አያውቅም፣ ደረሰ።»

መምህር ደረሰ ለመሳቅ ሞከሩ። ሳቁ ግን ሳይወጣላቸው ቀረ። በዚያ እሑድ ገበጣው አልተዘረጋም።

ሰኔ መባቻ ላይ መምህር ደረሰ በኮሮና ታመው ሆስፒታል ገቡ። ለይቶ ማከሚያው ከግቢው ጥግ፣ በሽቦ የታጠረ ነበር፤ ከኛ ከተመደብነው በቀር የሚገባ የለም። ኦክስጅን አደረግንላቸው። እኛ ያኔ የነበረን እሱና ጸሎት ነው። ጋሽ ምናሉ ጧትና ማታ አጥሩ ሥር እየመጡ በዝናብ ይቆማሉ። እኔ ከራሴ እስከ እግሬ በፕላስቲክ ተጠቅልዬ፣ ድምፄ ስለማይሰማ፣ የደማቸውን የኦክስጅን መጠን በካርቶን ላይ ጽፌ በመስኮት አሳያቸዋለሁ። ቁጥሩ በየቀኑ ይወርድ ነበር። በአምስተኛው ቀን መምህር ደረሰ ትራሳቸው ላይ እንዳሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ወዳጃቸውን አዩና እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ምናሉም አነሡ። ሌሊቱን መምህር ደረሰ አረፉ።

በዚያ ዘመን ቀብር ቀብር አልነበረም። ጥቂት ሰው፣ ጭንብል፣ ርቀት። እትዬ ጥሩወርቅ በሁለት ሴቶች ተይዘው ሳለ ጋሽ ምናሉን አዩአቸው።

«ለመነህ!» አሏቸው ጮኸው። «ጥቂት ፍሬ ለመነህ! መደርደሪያህ ሙሉ ሆኖ ከለከልከው!»

የቀብሩ ሰው ሰምቷል፤ ከቀብሩ ሰው ከተማው ሰማ። ቀድሞ ቀልድ የነበረው «አቶ የለም» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድብ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ አጠገባቸው ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል። መጀመሪያ በሽታውን ፈርቶ ነው ብዬ ነበር፤ በሽታው ሲረሳም ሰዉ አልተመለሰም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አዲሱ የሕክምና መመሪያ ደረሰን። ወጣቱ ሐኪማችን በጧት ስብሰባ ላይ አነበበው። ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለእብጠት ከድሮ ጀምሮ የምንሰጠው ዴክሳሜታዞን፣ ኦክስጅን እስከመፈለግ ለደረሰ የኮሮና ታማሚ ይሰጥ፤ ከሞት የሚያተርፈው ሰው አለ የሚል ነው። ዴክሳን ማን የማያውቀው አለ! ቢቸና ላይ የሚታወቀው ደግሞ በማወፈሩ ነው፤ ሊያገቡ የደረሱ ልጃገረዶች ጉንጫቸው እንዲሞላ ተደብቀው ይጠይቁታል። ጋሽ ምናሉ «ልጄ፣ ጉንጭሽን የሚሞላው አጥንትሽን በልቶ ነው» እያሉ ያባርሯቸው ነበር። ርካሽ ነው። ሁልጊዜ ይኖራል።

ንባቡ ሳያልቅ ጋሽ ምናሉ ተነሥተው ወጡ። ስብሰባው ሲበተን ተከትያቸው ሄድኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከአንድ መደርደሪያ ፊት ቆመዋል። የዴክሳ ብልቃጦች የተደረደሩበትን ትንሽ ካርቶን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ሰናይት፣ ይሄ እዚህ ነበር» አሉኝ።

«ጋሽ ምናሉ...»

«ደረሰ ሲሞት እዚህ ነበር። ከአልጋው እስከዚህ መቶ እርምጃ አይሆንም።»

«ያኔ ማንም አላወቀም እኮ።»

«አዎ፣ ማንም አላወቀም» አሉ። ካርቶኑን ግን አላስቀመጡትም። «እዚህ ነበር ግን።»

መጀመሪያ የሰጠነው ለአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከደጀን ወደኛ ሲመጣ ትንፋሽ አጥሮት መንገድ ላይ የወደቀ፣ ዘመድ የሌለው፣ በሽታውን ይዞብን መጣ ተብሎ የተረገመ ሰው። ጋሽ ምናሉ ብልቃጦቹን በሰው አልላኩም፤ ራሳቸው እስከ አጥሩ አመጡና በሽቦው ቀዳዳ ሰጡኝ። ከዚያ እንደ በፊቱ ጧትና ማታ ይመጡ ጀመር። እኔም እንደ በፊቱ ቁጥሩን ጽፌ አሳያለሁ። ሁለት ቀን ቁጥሩ ባለበት ቆመ። በሦስተኛው ትንሽ ከፍ አለ። በስድስተኛው ቀን ሹፌሩ ራሱ ካርቶኑን ከእጄ ወስዶ መስኮቱ ላይ ለጠፈው፤ «ሰውየው ማን ናቸው?» አለኝ። ጋሽ ምናሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። እንዲህ ሆነው ሲሄዱ ደስ ያላቸው ሰው አይመስሉም ነበር።

ሹፌሩ ድኖ በወጣ ማግስት፣ «ጥሩወርቅ ማወቅ አለባት። አብረሽኝ ነይ፤ ብቻዬን አታስገባኝም» አሉኝ።

«ምን ይጠቅማታል? ቁስል መቀስቀስ እኮ ነው።»

«አሁን የምትጠላኝ በሐሰት ነው፤ የከለከልኩት ያድነው የነበረ መስሏታል። ከጠላችኝ በእውነቱ ትጥላኝ።»

ሄድን። እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመው ተቀበሉን፤ ግቡ አላሉንም። ጋሽ ምናሉ እዚያው ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው። ደረሰ የለመነው መድኃኒት እንደማያድነው፣ እንዲያውም ልቡን እንደሚጎዳው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይቅርታ የሚያገኙ መሰለኝ፤ በልቤም «በቃ፣ ጋሽ ምናሉ፣ በቃ» እል ነበር።

«ነገር ግን ሌላ ነበረ» አሉ። «አሁን ነው የታወቀው። ቢሰጠው ኖሮ ምናልባት... ምናልባት ነው የምልሽ... ይተርፍ ይሆናል። መደርደሪያዬ ላይ ነበር። አላወቅኩም።»

እትዬ ጥሩወርቅ የበሩን መዝጊያ ያዙ።

«እንግዲያው ያልሰጠኸው ሁለት ሆነ» አሏቸው።

«አዎ» አሉ ጋሽ ምናሉ። «ሁለት ሆነ።»

በሩ ተዘጋ። እስከ አስፋልቱ ተጓዝን። እዚያ ስንደርስ፣ «አመሰግናለሁ፣ ልጄ። አሁን ቀሎኛል» አሉኝ። የቀለለው ሰው አረማመድ ግን አልነበረም።

ዴክሳ እንደሚያድን ሲወራ ደግሞ ሰዉ ለሱ ተሰለፈ። ቤት የሚያስቀምጥ፣ ጉንፋን ሲነካው ሊወጋው የሚፈልግ። ጋሽ ምናሉ እንደገና ጎንበስ ብለው በዚያች መስኮት «የለም» ማለት ጀመሩ። «ትንፋሽ ላጠረው ነው። ላላጠረው መስጠት፣ ሰውነቱ በሽታውን የሚመታበትን ዱላ መቀማት ነው» ይላሉ። «ትናንት ያንን ከለከለ፣ ዛሬ ይሄንን፤ ለማን ነው የሚያስቀምጠው?» ይላል ሰዉ። ትንፋሽ ላጠረው ግን አንድም ቀን አልታጣም። ማዘዣው ሲደርሳቸው ሮጠው ነው የሚያመጡት፤ ያን ሁሉ ቁመት ይዘው፣ በዚያ ዕድሜ፣ ነጭ ጋዋናቸው እየተውለበለበ። ከዚያ አልጋ ተነሥቶ ቤቱ የገባ ሰው ቢቸና ውስጥ ዛሬም አለ። ማን እንደሮጠለት አያውቅም።

እሑድ እሑድ ተረኛ ስሆን መድኃኒት ክፍሉ ክፍት ነው። የሥራ ቀናቸው አይደለም። ገብቼ ሳያቸው ካርቶኖቹን አውርደው፣ አቧራቸውን ጠርገው፣ እንደገና ይደረድራሉ።

«ጋሽ ምናሉ፣ ባለፈው እሑድም ደርድረውት ነበር እኮ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ» አሉኝ። «እሑድ ረጅም ነው።»

አንዳንዴ ሥራቸውን አቁመው፣ «ያን ዕለት ደረሰ እጁን ሲያነሣ ሰላምታው ነበር ወይስ ና ማለቱ?» ይሉኛል። «ሰላምታ ነው» እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከወር በኋላ እንደገና ይጠይቁኛል።

ወደ ሞጣ ተዛውሬ ስሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። በየበዓሉ ይደውላሉ። የምናወራው ጥቂት ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገባው መድኃኒት፣ ስለ ጠፋው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለ መድኃኒቱም የሚነግሩኝ አልነበራቸውም፤ «ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነሽ?» ብለው ይዘጋሉ። መልሼ መደወል ይገባኝ ነበር። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሳልደውል የቀረሁባቸው በዓላት አሁን አንድ በአንድ ይመጡብኛል።

ከየሽወርቅ ጋር በተገናኘን በሳምንቱ፣ መንገዱ ሲከፈት፣ በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ ቢቸና ወረድኩ። ማንን እንደማጽናና አላውቅም ነበር። የኪራይ ቤታቸው ተቆልፏል። ለቅሶ የሚደርሱት ቤት የለም። ግራ ሲገባኝ እግሬ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ወሰደኝ። በሩን ሲከፍቱ ወዲያው አወቁኝ።

«ለሱ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ግቢ።»

አርጅተዋል። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ወንበር አለ፤ የተቀመጡበት የሚመስለው ግን አንዱ ብቻ ነው። እሳቸው በወንበራቸው፣ እኔ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥን። እኔ የምለውን ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«እሱ እዚህ በር ላይ ቆሞ ያን የነገረኝ ዓመት፣ ወጣቱን ሐኪም ሄጄ ጠየቅኩት» አሉኝ። «የመጀመሪያው መድኃኒት እንኳን ሊያድነው፣ በዚያ ልቡ ላይ ቶሎ ይገድለው ነበር አለኝ። ሁለተኛውንም ያን ጊዜ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረም አለኝ። ስለዚህ አውቄዋለሁ። ምናሉ ጥፋት እንደሌለበት አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«ለምን አልነገርኩትም? እኔም ራሴን እጠይቃለሁ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የምቆጣው ሰው ባጣ ይሄን ቤት ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ? ቁጣው ነበር ጧት ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ። እሱ ደግሞ ቻለልኝ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ደረሰ ባረፈበት ዕለት፣ እስከ አጥሩ መጥቶ በዝናብ ቆሞ ይሄዳል። በመስኮት አየዋለሁ። ግባ ልበለው እላለሁ፤ አፌ አልታዘዝ ይለኛል።»

እጃቸውን ያዝኳቸው።

«ዘንድሮ ልለው ነበር» አሉኝ። «እውነቴን ነው። ቆርጬ ነበር። ለሰኔ እኮ አንድ ወር ነው የቀረው።»

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሌላ ለጋሽ ምናሉ የተለቀሰ ለቅሶ ቢቸና ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። ዓይናቸውን ሲያብሱ ወደ ደጁ ተመለከቱ።

«መኪናሽ ስንት ሰዓት ነው?»

የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ነበር የቀረው።

«ዛሬ አልሄድም» አልኳቸው፤ ተነሥቼም በዚያ በባዶው ወንበር አጠገባቸው ተቀመጥኩ።